ግልገሎቹ የተጎዱት ሳይወለዱ ነው፦ ከዳባት ለቀረበ ጥያቄ የእንስሳት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው በዳባት አካባቢ የሚኖሩ አርሶ አደር ሲሆኑ 14 እናት በጎች አሏቸው። ባለፈው ክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ አሥራ አንዱ ወለዱ፤ ሦስቱ መንታ ስለ ጣሉ 14 ግልገሎች ተገኙ። ከእነዚህ ስድስቱ ሦስት ቀን ሳይሞላቸው ሞቱ፤ ከሞቱት አራቱ ከመንቶቹ ናቸው። እናቶቹ የታመሙ አይመስሉም ነበር፤ ሁለቱ ግን ወተት ዘግይቶባቸዋል። እኚህ አርሶ አደር ሦስት ነገር ጠይቀዋል፤ ግልገሎቹን የሚያድን መርፌ ይኖር እንደ ሆነ፣ ለእርጉዝ በግ መኖ ቢጨመር ግልገሉ ተልቆ ምጥ ያከብዳል የሚባለው እውነት እንደ ሆነ፣ ግልገል የሞተባቸውን እናቶች ሸጠው ሌላ መግዛት ይሻላቸው እንደ ሆነ።

በመጀመሪያ ስለ ደረሰብዎ ጉዳት ከልብ አዝናለሁ። በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በእንስሳት ሕክምና ሥራ ስዞር ከሚያሳዝኑኝ ነገሮች አንዱ፣ አንድ ቤተሰብ አምስት ወር ሙሉ የጠበቀው ግልገል በአንድ ሌሊት ብርድ ደርቆ ሲገኝ ማየት ነው። ስለ መርፌው የምሰጥዎ መልስ አጭር ነው፤ እርስዎ የገለጹትን ዓይነት ሞት የሚያስቀር፣ ለተወለደ ግልገል የሚወጋ መድኃኒት የለም። የጻፉልኝን መልሼ መላልሼ ሳነበው፣ የግልገሎቹ ዕጣ በአብዛኛው የተወሰነው በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ እንደ ሆነ አምናለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ደግሞ በዝርዝር ላስረዳ።

ከመንታ ስድስት ግልገሎች አራቱ ሲሞቱ፣ ብቻቸውን ከተወለዱት ስምንት የሞቱት ሁለት ናቸው። የመንታዎቹ ሞት ይህን ያህል ከበዛ፣ ሞቱ በሦስት ቀን ውስጥ ካበቃ፣ እናቶቹም ካልታመሙና ያልጨነገፉ ከሆነ፣ አስቀድሜ የምጠረጥረው ተላላፊ በሽታን ሳይሆን የእናቶቹን የእርግዝና ጊዜ አመጋገብ ነው። ይህንን ለመመርመር ላቦራቶሪ ሳያስፈልግ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ይበቃል።

በግ የምታረግዘው ወደ አምስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ፣ ማለትም ከ147 እስከ 150 ቀን ነው። በሐምሌ አጋማሽ የወለደችው በግዎ በአውራ የተጠቃችው በየካቲት አጋማሽ ገደማ ነበር ማለት ነው። በእርግዝናው ውስጥ ከሌላው ጊዜ ይልቅ የእናቲቱ መኖ የግልገሉን ሕይወት የሚወስንባቸው ሁለት ወቅቶች አሉ። የመጀመሪያው ከ30ኛው እስከ 90ኛው ቀን ያለው ጊዜ ነው፤ በእርስዎ በጎች ሲቆጠር ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይሆናል። ሁለተኛው የመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ናቸው፤ እነርሱም ከግንቦት መጨረሻ እስከ መውለጃው ቀን ያሉት ናቸው። የዳባትንና የወገራን መስክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ስሌት ብዙ ይናገራል። በመጋቢትና በሚያዝያ ግጦሹ ተግጦ አልቆ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ገለባውም ለበሬ እየተቆጠበ ነው። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ይመጣል እንጂ ሣሩ ወዲያው አይደርስም፤ ሲበቅልም ለጋ ስለ ሆነ ውሃ ይበዛበታል፣ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም። በዚያ ላይ ማሳው በመዘራቱ በጎቹ በጠባብ ዳገትና በመንገድ ዳር ይወሰናሉ። እንግዲህ በሐምሌ የወለዱት እናቶችዎ ሁለቱንም ወሳኝ ወቅቶች ያሳለፉት በረኃብ ነው።

የመጀመሪያው ወቅት ወሳኝ የሚሆነው በእንግዴ ልጁ ምክንያት ነው። ፅንሱ በዚያን ጊዜ ገና ትንሽ ስለ ሆነ ብዙ ምግብ አይፈልግም፤ ስለዚህ አርቢው ስለ መኖ ባያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ፅንሱን እስከ መጨረሻው የሚመግበው እንግዴ ልጅ ተሠርቶ የሚያልቀው በእነዚህ ቀናት ነው፤ ከ90ኛው ቀን በኋላ ብዙም አያድግም። እናቲቱ በዚህ ጊዜ ክፉኛ ከከሳች እንግዴ ልጁ ደካማ ሆኖ ይቀራል፤ በኋላ የቱንም ያህል መኖ ቢቀርብላት ወደ ፅንሱ የሚያልፈው ምግብና ኦክስጅን በዚያው መጠን ይገደባል። በቆላው፣ በመተማና በቋራ በኩል፣ ተመሳሳይ ጉዳት በሙቀት ይደርሳል፤ ብርቱ ሙቀት በእርግዝና ወቅት ወደ ማኅፀን የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ የግልገሉ የልደት ክብደት ይወርዳል። ስለዚህ እዚያ ያሉ አርቢዎች ለእርጉዝ እንስሳት ከመኖው እኩል ለጥላና ለውሃ ማሰብ ይኖርባቸዋል።

ሁለተኛው ወቅት ደግሞ ፅንሱ ራሱ በፍጥነት የሚያድግበት ነው። ግልገሉ ሲወለድ ከሚኖረው ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚጨመረው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። በዚያው ጊዜ የእናቲቱ ሆድ በማኅፀን ስለሚሞላ ጨጓራዋ የሚይዘው መኖ ይቀንሳል፤ ፍላጎቷ ሲጨምር መቀበያው ይጠባል። ስለዚህ በዚህ ወቅት ገለባ ብቻ ለምትበላ በግ የገለባውን መጠን ማብዛት አይረዳም፤ በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበትና ፕሮቲን የያዘ መኖ ያስፈልጋታል። መንታ የያዘችው ይህ ችግር በእጥፍ ይደርስባታል፤ ከሞቱብዎ ግልገሎች አብዛኞቹ መንታዎቹ የሆኑትም ስለዚህ ነው።

ተርቦ የተወለደ ግልገል ምን እንደሚያጣ በትክክል ማወቅ ይጠቅማል። ማንኛውም ግልገል ሲወለድ በኩላሊቱ ዙሪያና በትከሻው አካባቢ ቡናማ ስብ የሚባል ልዩ ስብ ይዞ ይመጣል፤ እርጥብ ሰውነቱን ከዜሮ ጀምሮ ለማሞቅ የሚያቃጥለው ይህንን ስብ ነው። በደህና ሁኔታ የተወለደ ግልገል እንኳ ይህ ስንቅ የሚያቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ እናቱ የከሳችበት ግልገል ደግሞ ስንቁ ከመነሻው ጎዶሎ ነው። ትንሽ አካል ከትልቁ ይልቅ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ያልሞላ የደጋ ግልገል በነሐሴ ዝናብና ነፋስ ውስጥ ሲወለድ ስንቁ ሳያልቅ ተነሥቶ መጥባት ካልቻለ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ግልገል ደግሞ የመጥባት ኃይሉን ያጣል፤ ካልጠባ የበለጠ ይቀዘቅዛል። አርቢው ጠዋት መጥቶ «ብርድ ገደለው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ጉረኖ የተወለደው የጠገበች በግ ግልገል አልሞተም።

አሁን ወደ እንገር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ አይፍረዱብኝ። በሰው ልጅ ዘንድ በሽታን የሚከላከሉት ፀረ እንግዳ አካላት ገና በእርግዝና ሳሉ ከእናት ደም ወደ ፅንሱ ያልፋሉ። በበግ፣ በፍየልና በላም ግን የእንግዴ ልጁ አሠራር ይህንን አያሳልፍም። ግልገል ወይም ጥጃ ወደዚህ ዓለም የሚመጣው ምንም መከላከያ ሳይኖረው ነው፤ መከላከያውን ሁሉ የሚያገኘው ከእንገር ነው። የአንጀቱ ግድግዳ እነዚህን አካላት እንዳሉ አሳልፎ ወደ ደም የሚያስገባው ደግሞ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ ከ24 ሰዓት በኋላ በሩ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ግልገሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 50 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በመጀመሪያው ሙሉ ቀን ደግሞ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ያህል እንገር ያስፈልገዋል። ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ግልገል ይህ መጀመሪያ 100 ሚሊ ሊትር፣ በቀኑ መጨረሻ ደግሞ ተደምሮ 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው።

ይህ እንገር በግቷ ውስጥ የሚጠራቀመው ከምጥ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሳምንታት ነው። በእነዚያ ሳምንታት የተራበች በግ የምትሰጠው እንገር ትንሽ፣ ወፍራምና የሚጣበቅ ይሆናል፤ አጀማመሩም ይዘገያል። ደካማው ግልገል ደግሞ ወፍራሙን እንገር ስቦ ማውጣት ይሳነዋል። እርስዎ «ወተት የዘገየባቸው» ያሏቸው ሁለቱ እናቶች የዚህ ምሳሌ ይመስሉኛል፤ ወተቱ በሁለተኛው ቀን ቢመጣ እንኳ ለመከላከያው ጊዜው አልፏል። በአካባቢያችን በአንዳንድ ቤት የላሟን እንገር አልቦ የመጣል ወይም ለሰው አፍልቶ የመብላት ልማድ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለጥጃው ጎጂ ነው ብለው የሚያምኑም አሉ። እባክዎ ይህን እምነት የያዘ ጎረቤት ካለዎ ይንገሩት፤ ጥጃው ጠግቦ ከተረፈ ለቤቱ ይሁን፣ ከዚያ በፊት ግን የጥጃው ነው። የምትታለብ ላም እርጉዝ ከሆነች ደግሞ ከመውለዷ ሁለት ወር አስቀድሞ ከመታለብ ማረፍ አለባት፤ እስከ መጨረሻው የታለበች ላም እንገሯም ጥጃዋም ይጎዳሉ።

የእናትነት ጠባይም በረኃብ ይለወጣል። ይህ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ነው። በደህና የተመገበች በግ ስትወልድ በወለደችበት ቦታ ቆማ ግልገሏን እየላሰች ታደርቃለች፣ ሽታውን ትለምዳለች፣ ወደ ግቷ ትመራዋለች። ክፉኛ የተጎዳችው ግን ትንሽ ልሳ ወደ ሣር ትሄዳለች፤ ከመንታዎቹ አንዱን ትታ ከሌላው ጋር የምትሄደውም ብዙ ጊዜ እርሷ ናት። እንዲህ ያደረገችውን በግ «ክፉ እናት» ብሎ ከመፍረድ በፊት ሽንጧን በእጅ መዳሰስ ይገባል።

«መኖ ቢጨመርላት ግልገሉ ተልቆ ምጥ ያከብድባታል» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄዎ ከመሠረቱ ውሸት አይደለም። ከመጠን በላይ የወፈረች በግ፣ በተለይ አንድ ግልገል ብቻ ከያዘች፣ በምጥ ልትቸገር ትችላለች፤ የአገራችን ላም በትልልቅ የውጭ ዝርያ ኮርማ ስትጠቃም ይህ በእርግጥ ያጋጥማል። ነገር ግን በሚያዝያ በደጋ መስክ ላይ የሚውሉ በጎች ከዚህ አደጋ እጅግ የራቁ ናቸው። እኔ እስካየሁት ድረስ፣ በእኛ ደጋ ከትልቅነት የተነሣ ከሚሞተው ግልገል ይልቅ ከትንሽነት የተነሣ የሚሞተው በብዙ ይበልጣል። በዚያም ላይ አቅም ያጣች እናት የምታምጥበት ኃይል ስለማይኖራት፣ ምጧ የሚረዝመው የግልገሉ መጠን ትንሽም ሆኖ ነው። ስለዚህ ይህ ምክር ለወፈረች በግ እንጂ ለእርስዎ በጎች አይሠራም።

የትኛዋ ወፍራም፣ የትኛዋ ከሲታ እንደ ሆነች ደግሞ በዓይን አይለይም፤ ጠጉሩና የሆዱ መነፋት ያታልላል። እጅዎን ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ፣ ሽንጧ ላይ ያሳርፉና የአከርካሪውን ጫፍና ወደ ጎን የወጡትን አጥንቶች ይዳስሱ። እኛ ሐኪሞች ይህንን ከ1 እስከ 5 በሚሄድ ነጥብ እንለካዋለን። አከርካሪው እንደ መጋዝ ከሰላ፣ ጣትዎም ከጎን አጥንቶቹ ሥር ያለ ምንም ችግር ከገባ 1 ነው፤ አጥንቶቹ የሚገኙት ጫን ሲሉ ብቻ ከሆነና ክብ ብለው ከተሰሙዎት 3 ነው፤ ተጭነውም ካላገኟቸው 5 ነው። ለመውለድ የተቃረበች በግ 3 አካባቢ ብትሆን መልካም ነው፤ ከ2 በታች ያለችው አስቸኳይ ድጋፍ ያስፈልጋታል። ከሁሉ በላይ ይህንን ዳሰሳ ከመውለዷ ሁለት ወር አስቀድሞ ያድርጉት፤ በመጨረሻው ሳምንት ቢያውቁት የሚያደርጉት ነገር ጥቂት ነው።

መኖውን በተመለከተ፣ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ለምትመዝን የደጋ በግ በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ከግጦሹ በተጨማሪ በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም የተመጣጠነ መኖ ይበቃታል። ሁለት እጅ ፉርሽካና አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ከጥቂት ጨው ጋር ቀላቅሎ መስጠት ጥሩ ነው፤ በድንገት ሳይሆን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ ያስለምዷት። በቀን 250 ግራም ብናስብ ለ42 ቀን አንዲት በግ 10 ኪሎ ተኩል ትፈልጋለች፤ ለአሥራ አራቱም ወደ አንድ ኩንታል ተኩል ይሆናል። ወጪው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። አቅም ካነሰ ለሁሉም እኩል አያከፋፍሉ፤ የከሱትን፣ ሆዳቸው ከሌሎቹ ቀድሞ የሰፋውንና ባለፈው መንታ የወለዱትን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዙትንም ይለዩና ለእነርሱ ብቻ ይስጡ። በሚገዛው ላይ ብቻ አይንጠልጠሉ፤ የባቄላ፣ የአተርና የምስር ገለባ ከስንዴና ከገብስ ገለባ ይልቅ ፕሮቲን ስለሚይዝ ለይተው ለእርጉዞቹ ያስቀምጡት፤ የጠላ አተላ በልክ ሲሰጥ ይረዳል፤ በጓሮ የሚተከሉት ሰስፓንያና ትሪ ሉሰርን ደግሞ በደረቁ ወራት አረንጓዴ ቅጠል ይሰጣሉ። ድርቆሽ የሚያጭዱ ከሆነም ሣሩ ማበብ ሲጀምር፣ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይጨዱት፤ እስኪደርቅ ቆይቶ በኅዳር መጨረሻ የታጨደ ሣር ከገለባ ብዙም አይሻልም።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መንታ የያዘች በግ መብላት ካቆመች፣ ከመንጋው ከተለየች፣ ዓይኗ የማያይ ከመሰለ፣ ጭንቅላቷን ግድግዳ ላይ ከደገፈች፣ ትንፋሿም ከወትሮው የተለየ ጣፋጭ ሽታ ካመጣ፣ ኬቶሲስ የሚባለው የእርግዝና መመረዝ ይዟታል። ስብዋን አቃጥላ የፅንሶቹን ፍላጎት ለመሙላት ስትሞክር የሚመጣ ነው። ሳትወድቅ በፊት ሐኪም ግሉኮስ ከሰጣት ልትድን ትችላለች፤ ከወደቀች በኋላ ግን ብዙ ጊዜ እናቲቱም ግልገሎቹም አይተርፉም፤ ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ አያሳልፉ።

ማዕድንም ችላ አይባልም። በደጋው የአዮዲን እጥረት አለ፤ አዮዲን ያጠረባት እናት ግልገል አንገቱ ሥር አብጦ፣ ጠጉሩ ሳስቶ፣ ደክሞ ይወለዳል። እንዲህ ያለ ምልክት አይተው ከሆነ ለቤት የሚገዙትን አዮዲን ያለበትን ጨው ለእርጉዞቹም ያልሱላቸው፤ የጎመን ዘር ፋጉሎም አያብዙባቸው፤ የአዮዲንን ሥራ ያሰናክላል። በደረቁ ወራት መጨረሻ አረንጓዴ ቅጠል ያላየች እናት ደግሞ ቫይታሚን ኤ ያጥራታል፤ ጓሮ ላይ ያለው ትሪ ሉሰርን እዚህም ይረዳል።

በጎችዎ ውሃ በተኛበት ረግረግ የሚግጡ ከሆነ የጉበት ትልም መኖውን ከእናቲቱም ከፅንሱም ይነጥቃል፤ መድኃኒቱን ግን ከገበያ ገዝተው ለእርጉዝ በግ በግምት አይስጡ። ለምሳሌ አልቤንዳዞል በእርግዝና የመጀመሪያ ወር ከተሰጠ ፅንሱን አካለ ጎዶሎ ሊያደርግ ይችላል። የወረዳው ሐኪም ጊዜውንም ዓይነቱንም ይወስንልዎታል። ክትባትም በጊዜው ሲሰጥ እናቲቱን ብቻ ሳይሆን ግልገሉንም ይጠብቃል፤ ከመውለዷ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አስቀድማ የተከተበች በግ መከላከያውን በእንገሯ ታስተላልፋለች። የጠየቁኝ መርፌ አለ ብል እንግዲህ ይህ ነው፤ የሚወጋው ግን ግልገሉ ሳይሆን እናቱ ናት።

ይህን ሁሉ ስል ተላላፊ በሽታ ሊኖር አይችልም ማለቴ አይደለም። የሚከተሉትን ካዩ አስተሳሰቤን እለውጣለሁ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ በጎች ጊዜያቸው ሳይደርስ ከጨነገፉ፣ በደንብ የተመገቡትም ደካማ ወይም የሞተ ግልገል ከወለዱ፣ እንግዴ ልጁ ከወትሮው በተለየ ወፍሮ፣ ቀልቶ ወይም መግል ይዞ ከወጣ። ብሩሴሎሲስ፣ ክላሚዲያና ቶክሶፕላዝሞሲስ በዚህ መልክ ይገለጣሉ፤ የመጨረሻው በድመት ኩስ የሚተላለፍ ስለ ሆነ የመኖ ማስቀመጫዎን ከድመት ይሸፍኑ። እነዚህ ሦስቱም ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ስለዚህ የጨነገፈውን ሽልና እንግዴ ልጁን ባዶ እጅዎን አይንኩ፣ ውሻ እንዳያወጣው አርቀው ቆፍረው ይቅበሩ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ እንዳትቀርበው ያድርጉ፤ ወተቱንም ሳይፈላ አይጠጡ።

ዘንድሮ ግልገል ከሞተብዎ ከመጣልዎ በፊት ጥቂት ነገር ይመልከቱ። በተወለደ ግልገል ሰኮና ሥር ለስላሳ ቢጫማ ሽፋን አለ፤ ሽፋኑ እንዳለ ከሆነ ግልገሉ ተነሥቶ አልተራመደም፣ ስለዚህ በማኅፀን ወይም በምጥ ላይ ተጎድቷል ማለት ነው። ሽፋኑ ተበልቶ ሆዱ ግን ባዶ ከሆነ ተነሥቷል፣ አልጠባም፤ ያኔ የእናቲቱን ግትና ሽንጥ ይመርምሩ። ሆዱ በወተት ተሞልቶ የሞተ ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት አለና በዚያው ቀን፣ ሳይሸት፣ ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ያምጡት። ክብደቱንም በሚዛን መዝግበው ይያዙ፤ ለሐኪሙ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይህ ይረዳዋል።

በመውለጃው ሌሊት የሚሠራው ሥራ በእርግዝናው የጎደለውን ሁሉ አይሞላም፤ የተወሰኑትን ግን ያተርፋል። እናቲቱን ከነግልገሎቿ ለሁለት ቀን ከመንጋው ለይተው በደረቅ ጭድ ላይ ያኑሯት፤ እትብቱን በአዮዲን ቲንክቸር ይንከሩ፤ ሁለቱንም ጡቶች ጥቂት አልበው መከፈታቸውን ያረጋግጡ፤ ግልገሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልጠባ እንገሩን አልበው በጡጦ ይስጡት። የእናቱ ካልበቃ የሌላ በግ ወይም የፍየል፣ ካልተገኘም የላም እንገር ይተካል። የጤነኛ ግልገል ሙቀት ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ጣትዎን አፉ ውስጥ ሲያስገቡ ከቀዘቀዘብዎ አደጋ ላይ ነው። መዋጥ ለማይችል ግልገል ወተት በግድ አያፍስሱበት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ከተወለደ ጥቂት ሰዓታት ያለፉትንና ምንም ያልጠባውን ደግሞ ስንቁ ስላለቀ በእሳት ዳር ብቻ ማሞቅ ሊያንዘፈዝፈውና ሊገድለው ይችላል፤ በደሙ ውስጥ ስኳር ሊገባለት ስለሚገባ ቶሎ ለባለሙያ ያድርሱት።

ዋናው መፍትሔ ግን አውራውን በጊዜ ማገናኘት ነው ብዬ አምናለሁ። አውራው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር ከዋለ ብዙ በጎች በማይመች ወር መውለዳቸው አይቀርም። አውራው ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ ብቻ ቢገናኝ፣ በጎቹ ከጥቅምት መጀመሪያ ሳምንታት እስከ ኅዳር መጨረሻ ይወልዳሉ፤ እንግዴ ልጁ የሚሠራበት ጊዜ ክረምቱ ላይ፣ የመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ደግሞ ሣሩ በደረሰባቸው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ባሉት ቀናት ይውላሉ። ግልገሎቹም ጡት ሲጥሉ የአጨዳው ማሳ ተለቆላቸዋል። ይህ ያለ ዋጋ አይገኝም። በግንቦት የከሱ በጎች ቶሎ ላያረግዙ ስለሚችሉ ከመገናኘታቸው ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ድርቆሽና ጥቂት ፉርሽካ ሊሰጣቸው ይገባል፤ በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ይወልዱ የነበሩትም የወሊድ ቁጥራቸው ይቀንሳል፤ የኅዳር ውርጭም ስላለ ጉረኖው ከነፋስ መከለል አለበት። እኔ ቁጥሩ አንሶ በሕይወት የሚቆም ግልገል እመርጣለሁ። የጋራ ግጦሽ ላይ ደግሞ የእርስዎን አውራ ብቻ ማሰር ስለማይበቃ፣ ከጎረቤቶችዎ ጋር ተመካክራችሁ የሁላችሁንም አውራዎች በአንድ ጊዜ መለየት ወይም ማጥቃት እንዳይችሉ ከሆዳቸው ሥር ቆዳ ማንጠልጠል ያስፈልጋችኋል።

ስለ መሸጡ፣ አሁን አይሽጡ። ግልገል የሞተባቸው እናቶች በአብዛኛው በእነርሱ ጥፋት አልሞተባቸውምና፣ በምትካቸው የሚገዟቸውም በዚያው መስክ፣ በዚያው ወር ከወለዱ ያው ይደርስባቸዋል። መንታ የጣሉት ሦስቱ ደግሞ በደንብ ከተመገቡ ከመንጋዎ ሁሉ የሚበልጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ማስወገድ ያለብዎ ግታቸው ጠጥሮ ወይም አንዱ ጡት ደርቆ የቀረባቸውን፣ ጥርሳቸው አልቆ መጋጥ ያቃታቸውን፣ ሽንጣቸው 3 ሆኖ ሳለም ሁለት ጊዜ በተከታታይ ግልገላቸውን የተዉትን ነው። ወተት የዘገየባቸውን ሁለቱን እናቶች ግት ዛሬውኑ በእጅዎ ዳስሰው እብጠት ወይም ጥጥረት ካገኙ ለወረዳው ሐኪም ያሳዩዋቸው፤ ለስላሳ ሆኖ ካገኙት ከአሥራ አራቱ ጋር ያቆዩዋቸው፤ በሚቀጥለው እርግዝናም ፉርሽካውን ቀድመው ለእነርሱ ይስጡ።